ሲ የምትል ድምፅ

ድምፅ የለም እንዳይላት ሴትዮዋ አለ ብላለች፣ አለ እንዳይላት ደግሞ ከየት ነው የሚመጣው ብትለው ምን ሊመልስላት ነው፣ ስለዚህ ጭንቅላቱን ቀስ አድርጎ ይነቀንቃል፣ ነገሩ ገብቶታል የሚያሰኝ አነቃነቅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረበት አነቃነቅ፣ አዎ ሲስተር፣ ትንሽ ነገር አለች፣ ይላል። ትንሽ? ትላለች፣ መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ይቺ ናት ትንሽ? ኧረ ወንድሜ፣ እኔስ ትንኝ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ የምትዞር ነው የመሰለኝ፣ ይኸው ስማ፣ ነዳጁን ረገጥ ታደርጋለች፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ እሱንማ ይሰማል፣ ሞተሩን ማን አጣው፣ ይኸው ሲ አለች፣ ይኸው ከፍ አለች፣ ስለቀው ደግሞ ይኸው ወረደች፣ ትሰማለህ አይደል? እሰማለሁ። የምን መስማት። ሞተር ብቻ። ሞተርና የራሱ ልብ።

ሲስተር ነው የሚላት፣ ሰው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት፣ አዋላጅ ናት፣ የሰፈሩ ልጅ ግማሹ ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያያት እሷን ነው፣ አዲስ መኪና ገዛች ሲባል እሰይ ያላለ የለም፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቴፕ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚዘፍን ሰው ሆነባት፣ ወደ ሥራ ስትሄድ አንድ ሰዓት፣ ስትመለስ አንድ ሰዓት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ዘፋኝ ማን ይችላል፣ እንግዲያው ጆሮው ጋ ሂጂ አሏት፣ ጆሮው የሚሉት እሱን ነው፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም፣ ሱቁ በር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውም ጆሮው የመኪና ድምፅ ነው። መጣች። ባትመጣ ምን ነበረበት፣ ከተማው ሙሉ ጆሮው ደነዝ የሆነ ደንበኛ አለ፣ ዱም ዱም ካለለት የሚበቃው፣ ምን ጣጣ ነው ዛሬ በሆድ ውስጥ ያለ ልብ የምታዳምጥ ሴት በሩ ላይ ያቆመበት።

ሥራውማ ተሠርቷል፣ ማንም ቢያየው አይነቅፈውም፣ የዛሬ መኪና እንደ ድሮው ቴፑን ነቅለህ ሌላ ሸጉጠህ የምትሸኘው አይደለም፣ ስክሪኑ ቴፕ ብቻ መስሎህ፣ የኋላ ካሜራው እዚያ ነው፣ አየር ማቀዝቀዣው እዚያ ነው፣ ቀበቶህን እሰር እያለ የሚነዘንዝህም እዚያ ነው፣ ነቀልከው ማለት መኪናው ምላሱን ዋጠ ማለት ነው፣ ስለዚህ አይነቀልም፣ ከጀርባው ያለውን የገመድ ጥቅል በሁለት ጣት እየፈለፈሉ ወደ ስፒከር የሚሄዱትን ስምንት ቀጫጭን ገመዶች መለየት፣ ከነሱ ላይ ድምፁን መጥለፍ፣ በምንጣፉ ሥር አሳልፎ ወንበር ሥር ወዳለው አምፕሊፋየር መውሰድ፣ አምፕሊፋየሩ ድምፁን አጎልብቶ ለአዲሶቹ ስፒከሮች ይመልሳል፣ ቀዩ ገመድ ከባትሪው፣ ጥቁሩ፣ ኔጌቲቩ፣ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል፣ በቃ፣ ሁሉንም ከጠዋት ጀምሮ አድርጎታል፣ እጁ አይስትም፣ እጅ ምን አደረገ፣ እጁን ማን ነካው።

እሷ ግን የራሷ መኪና ናትና መሪው ጋ ተቀመጠች፣ እሱ ከጎኗ፣ ግራ ጆሮው ወደ እሷ፣ የባሰበት ጆሮው፣ ሌላ ጊዜ ዘዴ አለው፣ ደንበኛን በቀኙ ነው የሚያስቀምጠው፣ ከዚህ ሆነው ይስሙት እዚህ ይሻላል እያለ፣ ዛሬ አልቻለም፣ በቀኙ ያለው በር ነው፣ እሱም በር ከተባለ፣ የበሩን ልባስ ለስፒከሩ ብሎ ፈትቶታል፣ መክፈቻው ከልባሱ ጋር ሄዶ ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ የመስኮቱም ማውረጃ እዚያው፣ ክንዱ ሥር ያለው ራቁቱን የቀረ ብረት ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ፣ እና የመንገዱ ጫጫታ አይግባ ብሎ በገዛ እጁ ጓ አድርጎ የዘጋው እሱ ራሱ፣ አሁን ከውጭ ሰው ካልከፈተለት ወይ ሴትዮዋን ተሻግሮ ካልወጣ መውጫ የለውም፣ ቂል እንኳ አይሠራውም። ማራገቢያው ይከፈት እንዳይል ጩኸቱ ይረብሸኛል ብላ አጥፍታዋለች። ላቡ ከብብቱ ወርዶ ቀበቶው ጋ ደርሷል።

ሲስተር፣ ይላል፣ አዲስ ስፒከር እኮ ነው፣ እስኪለማመድ ትንሽ እንዲህ ያደርገዋል። ስፒከር ይለማመዳል እንዴ፣ ጫማ ነው? ትላለች፣ ትስቃለች፣ እሱም ይስቃል፣ እኩል መሳቅ ነበረበት፣ እንደ ዘገየ ሳቅ የሚያሳብቅ የለም፣ እሱ እቴ፣ ሳቁን እንኳ ከሰው ፊት እየገለበጠ የሚስቅ ሰው ሆኗል፣ ቀልዱ የሚገባው ቤቱ ሲደርስ ነው፣ ያኔ ደግሞ አያስቅም። እኔን አታለማምደኝ፣ ትላለች፣ አንድ ጊዜ ሁለት ልብ ሰምቼ መንታ ነው ስል ሐኪሙ በማሽኑ አይቶ አንድ ነው አለኝ፣ መሣሪያ ይዋሻል ወይ ሲስተር ብሎ ሳቀብኝ፣ ወለደች፣ መንታ፣ ሁለተኛውን እሱ እጅ ላይ ነው ያስቀመጥኩለት። ታዲያ ይቺ ሲ የምትለዋ አታመልጠኝም።

አታመልጣትም። እሱን ግን አመለጠችው፣ መቼ ነው ድምፆቹ ማምለጥ የጀመሩት፣ መጀመሪያ የሄደችው የኋላ ማርሽ ጩኸት ናት፣ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ጢጥ ጢጥ የምትለዋ፣ አንድ ቀን የደንበኛ መኪና ሲያወጣ ዝም አለችው፣ ተበላሽታለች ብሎ ፈታታት፣ ግማሽ ቀን ፈልጎ ምንም አላገኘባትም፣ ባለመኪናው መጥቶ ኧረ ትጮሃለች ቢለው፣ አዎ አሁን ሠራሁልህ አለ፣ ምስጋናም ተቀበለ። ከዚያ የስልኩ ጥሪ፣ ከዚያ የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ ከዚያ የሴት ድምፅ ጫፍ ጫፉ፣ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ቀስ እያለ፣ ሰም ነው አለ፣ ሰም ነው፣ መድኃኒት ቤት ሄዶ የጆሮ ጠብታ ገዛ፣ ለማን ነው ሲሉት ለአማቴ አለ፣ አማቱ ደግሞ ጉንዳን ስትሄድ ይሰማሉ። ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ ለከፍተኛ ድምፅ ለረጅም ጊዜ የተጋለጡ ግለሰቦች የመስማት አቅማቸውን፣ በተለይም ቀጫጭን ድምፆችን የመለየት አቅማቸውን፣ ቀስ በቀስ ሊያጡ ስለሚችሉ በአፋጣኝ ወደ ሕክምና ተቋም በመሄድ ምርመራ ማድረግ ይኖርባቸዋል፣ ሁለቴ አነበበው፣ ግለሰቦች፣ እሱ ግለሰብ ነው እንዴ፣ እሱ ጆሮው ነው፣ ጠብታውን ኪሱ ከቶ ወጣ።

ሚስቱ ናት የምትከፋው። ጀርባዋን ሰጥታው ዕቃ እያጠበች አንድ ነገር አለች፣ ቧንቧው ይፈስሳል፣ ሳህኑ ይንቋቋል፣ ድምፅዋ መጣ ቃሉ አልመጣም፣ ጥሩ ነው አላት፣ ጥሩ ነው ለሁሉም ይሆናል፣ እንደ ጨው ነው። ዞራ አየችው። ምን አልክ? ጥሩ ነው አልኩ እኮ። በኋላ ነው ከጎረቤት የሰማው፣ አባቴ ከደረጃ ወድቀው ዳሌአቸው ተሰበረ ነው ያለችው፣ ጥሩ ነው አላት፣ ያውም ሁለቴ። ካኮረፈችው ሦስት ሳምንቷ ነው፣ ሳህኑን አስቀምጣለት ትሄዳለች፣ ያልነገረችው ጎረቤት የለም፣ አባቴ ወደቁ ስለው ጥሩ ነው ያለኝ ሰውዬ እያለች፣ ሴቱ ሁሉ በበሩ ሲያልፍ ከንፈሩን ይመጥበታል፣ እሱ አንዲት ነገር ቢናገር ያበቃ ነበር፣ አልሰማሁሽም፣ ሌላ ምንም የለውም፣ አልሰማሁሽም ማለት ብቻ ነው፣ ግን ክፉ ነው መባል ይሻላል፣ ክፉ ሰው ሱቅ ይከፍታል፣ ክፉ ሰው ስፒከር ይገጥማል፣ ደንቆሮን ማን መኪናውን ይሰጠዋል።

ጆሮው። ስሙን ያወጣለት አንድ ታክሲ ነጂ ነው፣ ከሩቅ ሲመጣ ሰምቶት የኋላ ግራ ጎማህ አንድ ብሎን ጎሎታል አለው፣ ወርዶ ቢያይ እውነት፣ ከዚያ ወዲያ ቴፕ ቀርቶ ሞተር እያመጡ ስማልን ይሉት ጀመር፣ ኮፈኑን ከፍቶ እንደ ሐኪም ጆሮውን ያስጠጋል፣ ሰው ዙሪያውን ትንፋሹን ይዞ ይቆማል፣ ያ ደስታ፣ ያንን ደስታ በምን ይለውጡታል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ፣ ማዶኛው፣ ባለ እግር ማይክ መኪና ውስጥ አቁሞ በኮምፒዩተር ነው ድምፅ የሚለካው፣ ወጣ ገባ የሚል መስመር ያወጣል፣ ታዲያ እሱ ደንበኛ ፊት ምን ይላል፣ ጆሮ ያልፈጠረለት ማይክ ይገዛል፣ ሰው ይስቃል፣ ሳቁ ማዶ ድረስ ይሻገራል። አሁን ማይክ ልግዛ ቢል ሞቶ ነው እንጂ ቆሞ አያደርገውም፣ የገዛ ምላሱ ነው ጠፍንጎ ያሰረው።

ይቺ ሴትዮ ግን እውነቷን ከሆነ፣ ከሆነ ነው፣ ከሆነ ያው ኔጌቲቩ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ ቅርብ ነው ብሎ ከወንበሩ ብሎን ጋር አስሮታል፣ ብሎኑ ቀለም አለው፣ ፋብሪካው የቀባው ሙጫም አለው፣ ብረት ከብረት በደንብ ካልተነካካ የሞተሩ ጩኸት ሾልኮ ስፒከር ውስጥ ይገባል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይጨምራል፣ ይህን ገና ለማጅ ሳለ ነው ያወቀው፣ ታዲያ ለምን አልፋቀውም ቀለሙን፣ ለምን ይፋቀዋል፣ አስሮ ያደምጣል፣ ካልጮኸ ምን ያስፍቀዋል፣ ሁሌም እንዲህ ነው፣ የጮኸውን ይፍቃል ያልጮኸውን ይሸኛል። ያልጮኸውን። ቆይ። ቆይ ቆይ። ካለፈው ዓመት ወዲህ አንድም የጮኸ የለም። እንዴት ነው ዓመት ሙሉ አንድ መኪና እንኳ የማይጮኸው፣ እጄ በሰለ ብሎ ደስ ብሎት ነበር እኮ፣ ነጩ ሚኒባስ፣ የፋርማሲስቱ መኪና፣ ያቺ ፈጣኗ ጠበቃ፣ ለኋለኛው ስፒከር ተመልሼ እመጣለሁ ብለው ያልመጡት፣ ማዶኛው በር ላይ ቆመው ሲያያቸው ስልካቸውን የሚጎረጉሩት፣ ሲ እያለባቸው ነው የሄዱት፣ ሁሉም ሲ እያለባቸው፣ በይሉኝታ ምንም ሳይሉት፣ ከተማው ውስጥ ስንት መኪና በሱ እጅ ሲ እያለ ይዞራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ስለ ሐሜት ብቻ ይመስለው ነበር።

ምን ሆንክ፣ ላብ በላብ ሆንክ እኮ፣ ትላለች ሲስተር፣ ከንፈሯን ነው የሚያየው። ለመሆኑ ለአንተ ከየት በኩል ነው የምትመጣልህ? መጣች፣ የፈራት ጥያቄ መጣች። ከ፣ ከቀኝ ነው፣ ከዚህ ከበሩ። ለእኔ ከሁሉም ነው፣ ትላለች። ታየዋለች፣ ሰው ሰውን እንደሚያየው አይደለም፣ ሆድ ላይ እጇን ጭና የተኛውን ልጅ አቅጣጫ እንደምትፈልግ ነው። የአንገት ልብሷን አንስታ አፏን ትጠርጋለች፣ መጥረግ መስሎት ነበር፣ ጨርቁ ግን እዚያው አፏ ላይ ቆየ፣ ዓይኗ እሱ ላይ ነው፣ ጨርቁ እፍ እፍ ይላል፣ ይነቃነቃል፣ እያወራች ነው። እያወራች ነው! ምን ይበል፣ እሺ ይበል፣ ጥሩ ነው ይበል፣ ጥሩ ነውንስ ከእንግዲህ አይላትም፣ ይሳቅ፣ ዓይኗ አይስቅም፣ ጨርቁ ቆመ፣ አወረደችው። ምን አልኩህ? አልሰማሁዎትም ሲስተር፣ ሞተሩ ነው፣ ሞተሩ ይጮሃል። ሞተሩን አጥፍቼዋለሁ እኮ፣ ወንድሜ።

ዳሽቦርዱን ያያል። ጠፍቷል። ቁልፉን ቀስ ብላ ተጭናው ኖሯል። ያ ሲሰማው የቆየው ማጉረምረም ታዲያ የማን ነው።

ከመቼ ጀምሮ ነው? ትላለች። ምኑ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሴቱ ሁሉ አላመመኝም እያለ ሲዋሸኝ ነው የኖርኩት፣ ምጡ ግንባሯ ላይ ተጽፎ ገና ነው ሲስተር ትለኛለች፣ እስኪ አንተም ገና ነው በለኝ። እጁ በሩን ይፈልጋል፣ ያገኘው ብረት ነው፣ ቀዳዳ፣ የገመድ ጫፍ፣ ቀዳዳ። በሩን ከውጭ ዞሬ ልክፈትልህ? አይ፣ አይ፣ ይላል፣ ከፍታለት የት ሊሄድ፣ በመንገዱ ማዶኛው ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ ተቀምጧል፣ ሙድ የሚይዝበት ሲያጣ ውሎ።

ሙድ። ቆይ እንጂ፣ ሴትዮዋ ሙድ እየያዘችበት አይደለም ያለው ማን ነው፣ ነቄ ነኝ ይላል በሆዱ፣ ድምፅ የለም! ከመጀመሪያውም የለም፣ ፈጥራ ነው፣ ዝናዬን ሰምታ ልትፈትነኝ፣ ወይ ደግሞ ያ ማዶኛው ልኳት፣ በጨርቅ ውስጥ ያንሾካሾኩትን መልአክም አይሰማው፣ እሱ ማስረጃ አይሆንም፣ ሞተሩም ቢሆን የዛሬ ሞተር መነሳቱ መቼ ይታወቃል፣ ድምፁ ከሌለ ግን፣ ሲ የምትለዋ ከሌለች፣ ጆሮው ደህና ነው ማለት ነው፣ ሰም ነው ማለት ነው፣ ሚኒባሱም ፋርማሲስቱም በራሳቸው ምክንያት ነው የቀሩት፣ ሁሉም ነገር በዚህች ሴትዮ አፍ ላይ ነው የተንጠለጠለው፣ ወይ እሷ ውሸታም ናት ወይ እሱ ደንቆሮ ነው፣ ሦስተኛ የለም። ውሸታም ትሁን። በማርያም ውሸታም ትሁን።

ሲስተር፣ ሞተሩን ያስነሱልኝ፣ ይላል፣ ድምፁን ረጋ አድርጎ፣ ነዳጁን እኩል ይርገጡ፣ እኔ ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር ልሞክር፣ ሲጠፋ ጠፋ፣ ሲመጣ መጣ ይበሉኝ። ጎንበስ ብለህ፣ አፌን ሳታይ? ካቻቢቴውን ከኪሱ ያወጣል። እንዲያ አይሆንም፣ ትላለች፣ ስትጮህ እጄን ጀርባህ ላይ አደርጋለሁ፣ ስትጠፋ አነሳለሁ፣ ከሚያምጡት ጋር የምንግባባውም እንዲሁ ነው፣ በዚያ ጩኸት መሃል ቃል ማን ይሰማል።

ጎንበስ ይላል፣ ደረቱ ጭኑ ላይ፣ ራሱ በጉልበቶቹ መሃል፣ ምንጣፉን ገልጦ የወለሉን ቀለም በካቻቢቴ ጫፍ ይፍቃል፣ ብረቱ ነጥቶ እስኪያብረቀርቅ፣ አጭር ገመድ ቆርጦ ሁለቱን ጫፍ ይልጣል፣ አንዱን ጫፍ አምፕሊፋየሩ ኔጌቲቭ ላይ ያስራል፣ ሌላው በጣቶቹ መሃል ቀርቷል፣ ጫፉ የተፋቀውን ብረት ሲነካ ድምፅ ካለ መጥፋት አለበት፣ ሲነሳ መመለስ አለበት፣ ይህን እሷ አታውቅም፣ ጣቱንም አታየውም፣ ጉልበቱ ጋርዷል፣ ውሸቷን ከሆነ እጇ እንዳገኘ ነው የሚሄደው፣ እዚያ ላይ ነው የሚይዛት። ወለሉ እግሩ ሥር ነዘረ፣ ሞተሩ ተነሳ ማለት ነው። እጇ ጀርባው ላይ መጣ። ሰፊ እጅ፣ ከአጥንቱ ከአጥንቱ መሃል ቦታውን የሚያውቅ።

ጫፉን ያስነካል። እጇ ተነሳ።

አጋጣሚ። እስከ ሃያ ይቆጥራል፣ አየሩ ጀርባው ላይ ይቀዘቅዛል፣ ሃያ አንድ ላይ ያነሳል፣ መጣ። ያስነካል፣ ሄደ። ያነሳል፣ መጣ። ትከሻዬን እያየች ነው፣ ትከሻው ሲንቀሳቀስ እያየች እኮ ነው፣ እንዲህ ነው ነገሩ፣ እሺ፣ ጫፉን እንዳስነካ ትከሻውን ይነቀንቃል፣ ክንዱን እስከ ብብቱ ይሰብቃል፣ ከብሎን ጋር የሚታገል ያስመስላል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል፣ ነይ፣ ነይ፣ ተሳሳቺ። አልመጣችም። ደህና። አሁን ደግሞ ትከሻው እንደ ድንጋይ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በሁለት ጣቱ ጥፍር ብቻ፣ የፀጉር ያህል ከብረቱ ያርቃታል።

እጇ መጣ።

አንድ ጊዜ ደግሞ። መጣ። ሌላ። ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ሰባት ጊዜ ነው ስምንት፣ አንዴ አልሳተችም፣ ሴትዮዋ አትዋሽም። አትዋሽም ማለት ሲ የምትለዋ አለች። እዚሁ ናት፣ ከጆሮው አንድ ክንድ እንኳ አትርቅም፣ አፏን ከፍታ ሲ ትላለች፣ መኪናው ሙሉ እሷው ናት፣ እሱ ብቻ ነው መኪናው ውስጥ የሌለው፣ ለካ ዝምታ የሚመስለው ነገር ሁሉ ዝምታ አይደለም፣ ለካ ስንት ነገር ሲያወራው ኖሯል።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፣ ቃሏ በጀርባው በኩል ይገባል፣ ወይ መዳፏ ሲነዝር ነው፣ አገኘኸው እኮ፣ እሰረውና ተነስ እንጂ፣ ወገብህ ይሰበራል። ያውቃል። አንድ ብሎን ነው የቀረው፣ ጫፉን ጨብጦ ማሰር፣ ከዚያ ትጠፋለች፣ ቀና ይላል፣ ሴትዮዋ ዞራ ትከፍትለታለች፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ትለዋለች፣ ይነግራታል፣ ከዚህ ወዲያ የማይነግራት በምን አፉ ነው፣ ደንቁሬያለሁ ሲስተር ይላታል፣ ቃሉ እንዲህ በሆዱ ሲባል ያን ያህል አይከብድም። ትንሽ ይቆይ፣ ይላል፣ ገመዷን ከብረቱ ላይ እንዳነሳ ይዟታል፣ አያስነካትም፣ ነዳጁን ይጨምሩ ሲስተር፣ ትጨምራለች፣ እጇ ጀርባው ላይ ከበድ ይላል፣ ከፍ አለች ማለት ነው፣ ይቀንሱ፣ ቀለል ይላል፣ ወረደች ማለት ነው፣ ጭራሽ ይልቀቁት፣ መዳፏ ቀርቶ ጣቶቿ ብቻ፣ ቀጠነች፣ ቀጠነች እንጂ አልጠፋችም፣ አሁን ደግሞ ይጨምሩ፣ ቀስ ብለው፣ አዎ እንደሱ፣ ይጨምሩ፣ አንዴ ልስማት፣